ከደጃፉ ወዲህ

ፎርሙ ኩሽና ውስጥ ከዳቦ ቅርጫቱ ሥር ሦስት ሳምንት ተቀምጧል። ከታች በኩል ለወላጅ ፊርማ የተተወ ባዶ መስመር አለው። አንድ ቅዳሜ ማታ እናትየው ደወለችልኝ። "ወንድሜ፣ ልጄ አንተን ይሰማል። እባክህ ይህን ነገር ተው በልልኝ" አለችኝ።

"ይህ ነገር" ያለችው የእሳት አደጋ ሥልጠና ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም ሳንርቅ ነው፤ ልጇ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በአሜሪካ ብዙ የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ወጣቶችን እየሰበሰቡ ሙያውን የሚያስተምሩበት "ኤክስፕሎረር" የሚባል ፕሮግራም አላቸው። ከስካውት እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ሲሆን ከ14 እስከ 20 ዓመት ያሉትን ይቀበላል። ልጁ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር አንድ ምሽት ሄዶ አየው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም።

"እኔ ያደግሁት መርካቶ አጠገብ ነው" አለችኝ። "ሰፈራችን ሲቃጠል አይቻለሁ። ጎረቤታችን ከወጡ በኋላ ዕቃቸውን ሊያወጡ ተመልሰው ገቡ። እስካሁን ሲገቡ ጀርባቸው ይታየኛል። ልጄን ከዚያ ሁሉ ያራቅሁት በገዛ እጄ ፈርሜ ለእሳት ልሰጠው ነው?" ትንሽ ዝም አለችና "አንተ ብትሆን ትፈርም ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

የወጣቶች ኅብረት አስተባባሪ ስለሆንኩ መልስ ይኖረኛል ብላ ነው። አልነበረኝም። "ልየውና እነግርሻለሁ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ጥያቄዋ ግን አብሮኝ አደረ። የምንወደውን ሰው ወደ አደጋ ማስጠጋት ፍቅር ሊሆን ይችላል? የሚችል ከሆነስ፣ ልኩ የት ላይ ነው?

ጣቢያው ውስጥ

በሚቀጥለው ረቡዕ ከልጁ ጋር ሄድኩ። የጠበቅሁት ነበልባልና ጩኸት ነበር። ያገኘኋቸው ግን ወለል የሚያጥቡ፣ የውሃ ጎማ የሚጠቀልሉና ገመድ የሚቋጥሩ ልጆች ናቸው። አንዲት ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ መኪናው ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ በየትኛው ሳጥን እንደሚቀመጥ በቃሏ ትናገር ነበር። ካፒቴኑ ፀጉሩ የሸበተ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። "ዕቃውን አጽድቶ የማያውቅ ሰው በጨለማ ዕቃውን አያገኘውም" አለኝ።

ከዚያ ሙሉ ልብሱን ለበሱ። ወፍራሙ ኮትና ሱሪ፣ ቦት ጫማው፣ ሄልሜቱና በጀርባ የሚታዘለው የአየር ሲሊንደር አንድ ላይ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። የጭምብሉ መስተዋት ተሸፈነና ምንም የማያዩ ሆኑ። በጉልበታቸው እየዳሁ፣ መሬት ላይ የተዘረጋውን ጎማ በእጃቸው እየዳሰሱ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው አለፉ። ጭስ በሞላበት ቤት ውስጥ ዓይን አይሠራም፤ መውጫውን የሚያሳየው ጎማው ነው። አንዱ ጎማ ከሌላው ጋር የሚቀጣጠልበት ብረት ሁለቱ ጎኖቹ ቅርጻቸው ይለያያል፤ የለመደ እጅ በጓንት ውስጥ ሆኖም ዳስሶ የትኛው ወገን ወደ ውጭ እንደሚመራ ያውቃል።

ካፒቴኑ ከልጃችን ጎን አብሮት ይድህ ነበር። በአንድ ቦታ ልጁ ተሳሳተና ፊቱን ወደ ውስጥ አዞረ። ካፒቴኑ አልያዘውም፣ አልጎተተውምም። "እጅህ ምን ይልሃል?" ብሎ ብቻ ጠየቀው። ልጁ ቆመ። ብረቱን ደግሞ ዳሰሰ። ዞረ።

እሳት ግን በዚያ ምሽት አልነበረም። የፕሮግራሙ ደንብ ግልጽ ነው፤ ሠልጣኙ ወጣት የሚቃጠል ቤት ውስጥ አይገባም። ከሠራተኞቹ ጋር ወደ ጥሪ አብሮ ቢሄድ እንኳ ከአደጋው ክልል ውጭ ቆሞ ዕቃ ያቀብላል፣ ያያል፣ ይማራል። ከደጃፉ ወዲህ ነው ቦታው።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጁ መኪና ውስጥ አጉረመረመ። "ጋሼ፣ እሳት ሳንነካ እንዴት ነው እሳት የምንማረው?" እናቱ እጅግ ቀረበብኝ ትላለች፤ ልጁ እጅግ ራቅሁ ይላል። የሁለቱም ጥያቄ ስለ ርቀት ነው።

ፍርሃት የእምነት ማነስ ነው?

በእኛ መካከል ለእናትየው ሊሰጥ የሚችለውን መልስ አውቀዋለሁ። "አትፍሪ እህቴ፤ እምነት ይኑርሽ" እንላታለን። ይህን መልስ ራሴም ለብዙ ሰው ሰጥቻለሁ። አሁን ግን ቸኩለን የምንሰጠው መልስ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ፍርሃቷ እውነትን ያያል። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001፣ እኛ የ1994 ዓ.ም. አዲስ ዓመትን ስናከብር በዋልንበት ቀን፣ ኒውዮርክ ውስጥ 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። ሰው እየሮጠ ሲወርድ እነርሱ ደረጃውን ይወጡ ነበር። እያንዳንዳቸው እናት ነበረቻቸው። እሳት የሚፈራ ነገር ነው። የማይፈራውን ሰው ማንም ጥሩ ካፒቴን አጠገቡ አያቆመውም።

በጣቢያው የገባኝ አንድ ነገር አለ፤ እዚያ ፍርሃትን አያሳፍሩም፣ ያስተምሩታል። የሚፈራ ሰው የአየሩን መጠን ያያል፣ መውጫውን ያስባል፣ ባልንጀራውን ይጠራል። ስለዚህ ለእናትየው "ፍርሃትሽ ኃጢአት ነው" ማለት ስሕተት ነው። ፍርሃቷ የፍቅሯ ምስክር ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ፍርሃቷ ወዴት ይምራት የሚለው ነው።

ፍርሃት በሁለት መንገድ ሊመራን ይችላል። አንደኛው መሸሸግ ነው። ልጁን ከእሳት ሁሉ አርቀን እናኖረዋለን። ችግሩ፣ እሳት ፎርም አያስፈርምም። የዛሬ ቤት ዕቃ በአብዛኛው ከፕላስቲክና ከስፖንጅ የተሠራ ስለሆነ፣ ከአንድ ሶፋ የተነሣ እሳት በጥቂት ደቂቃ ክፍሉን ሁሉ ሊያቀጣጥል ይችላል። በዚያ ሌሊት በቤቱ የሚገኘው ልጅ፣ ጭስ ወደ ላይ እንደሚወጣና አየር ወለሉ አጠገብ እንደሚቆይ፣ በሩን ከመክፈቱ በፊት በእጁ ጀርባ መዳሰስ እንዳለበት፣ ከወጣ በኋላ ለምንም ዕቃ ብሎ እንደማይመለስ የሚያውቅ ቢሆን ይሻላል ወይስ የማያውቅ? የመርካቶው ጎረቤት ፈሪ ስለነበሩ አልጠፉም፤ ያልነገራቸው ሰው ስለነበረ ይመስለኛል።

ሁለተኛው መንገድ ማዘጋጀት ነው። መሸሸግ አደጋውን ከልጁ ያርቃል፤ ማዘጋጀት ልጁን ለአደጋው ያበቃዋል። ወላጅ ሁለቱንም ያደርጋል፤ የሕፃኑን እጅ ከምድጃ ይመልሳል፤ ሲያድግ ደግሞ ምድጃ መለኮስ ያስተምረዋል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መቼ እንደሚሻገር ማወቅ ግን ጥበብ ይጠይቃል፤ ጥበቡም ከልጁ ዕድሜ ይልቅ አብሮት በሚድኸው ሰው ላይ የሚመሠረት ይመስለኛል።

ድፍረትና እብሪት

አሁን ወደ ልጁ ቅሬታ ልመለስ። ካልተጠጋሁ አልማርም ይላል። ብዙ ወጣቶች እንዲሁ ያስባሉ፤ በመንፈሳዊ ነገርም ጭምር። ከባድ አገልግሎት፣ ረጅም ጾም፣ ትልቅ መድረክ ካልሰጣችሁን አላመናችሁንም ይላሉ። የጀግና ምልክቱ እሳቱ ውስጥ መገኘቱ ይመስላቸዋል።

በአሪዞና የፊኒክስ ከተማ እሳት አደጋ ክፍል አዛዥ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 2006 የሠራው አላን ብሩናሲኒ፣ ዛሬ በሙያው ውስጥ የታወቀ አንድ አስተሳሰብ እንዲስፋፋ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ነው። አሳቡ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፤ ሊድን የሚችል ሕይወት ካለ ብዙ መሥዋዕትነት ሊከፈል ይችላል፤ ንብረት ለማዳን ግን ትንሽ ብቻ፤ አስቀድሞ ለጠፋ ነገር ደግሞ ምንም። በቤቱ ውስጥ ማንም ከሌለና ጣሪያው ሊወድቅ ከሆነ፣ ውጭ ቆሞ ውሃ መርጨት ፍርሃት ሳይሆን ፍርድ ነው።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ የጌታ ፈተና ነው። ፈታኙ ከመቅደስ ጫፍ ላይ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል ባለው ጊዜ፣ ጌታ አልዘለለም። ያልዘለለው አባቱን ስላልታመነ አይደለም፤ መታመንና መፈታተን የተለያዩ ስለሆኑ ነው። ያው ጌታ ከጊዜ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ፊቱን አቅንቶ ሄዷል፤ በዚያ የሚጠብቀውንም ያውቅ ነበር። ከመቅደሱ ጫፍ አልዘለለም፤ ከመስቀሉ አልሸሸም። ልዩነቱ ምንድን ነው? የመጀመሪያው ለመታየት ነው፤ ሁለተኛው ለማዳን ነው። ድፍረትን ከእብሪት የሚለየው ከእሳቱ ያለን ርቀት ሳይሆን፣ የምንገባው ለማን ብለን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ለልጁ እንዲህ አልኩት፤ "ገና ወደ ውስጥ ያልገባኸው ስላልታመንክ አይደለም። ውስጥ ገብቶ ሌላውን ማውጣት የሚችለው፣ መጀመሪያ ራሱ መውጣት የለመደ ስለሆነ ነው። ጎማውን ስትዳስስ የተማርከው እርሱን ነው።" መልስ አልሰጠኝም፤ ግን ከዚያ በኋላ አላጉረመረመም።

ስም በደጃፍ

በዚያ ምሽት ካየሁት ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ምልክት አለው። ወደሚቃጠል ቤት ከመግባቱ በፊት ምልክቱን ውጭ ላለው ሰው ያስረክባል። ያ ሰው ማን እንደገባ፣ ከማን ጋር እንደገባ፣ መቼ እንደገባ ይዞ ይጠብቃል፤ በየጊዜውም ይቆጥራቸዋል። ለሕይወት አስጊ በሆነ ጭስ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሆነው ይገባሉ፤ ቢያንስ ሁለት ደግሞ ሊረዷቸው ተዘጋጅተው ውጭ ይቆማሉ። አየሩ ከማለቁ በፊት የሚጮህ ደወል አለ። ሠራተኛው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀስ ከቆየ፣ ራሱ የሚጮህ መሣሪያ ትከሻው ላይ አለ። ሲጠፋበት ደግሞ ሳይዘገይ "ሜይዴይ" ብሎ ስሙን፣ ያለበትንና የደረሰበትን እንዲናገር ይሠለጥናል። ካፒቴኑ እንዳለኝ ለወጣቶቹ ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት ይህ ነው፤ መሰላል መሸከም ይችላሉ፣ "ጠፋሁ" ማለት ግን ያፍራሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማገለግልበት ኅብረት አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ነበር። ድምፁ መልካም፣ ጸሎቱ የጋለ ነው። መዝሙር እንዲመራ ሰጠነው። ቀጥሎ ታናናሾቹን እንዲመክር ሰጠነው። ሁላችንም ደስ አለን፤ ጌታ ወጣቶችን እያስነሣ ነው አልን። አንድ ሌሊት ከሚመክራቸው ልጆች አንዱ መኖር እንደማይፈልግ ነገረው። እስኪነጋ በስልክ አብሮት ቆየ። ለማንም አልነገረም፤ አደራ ስለተባለ። ከዚያ ሌላ ሌሊት፣ ከዚያም ሌላ ሌሊት።

ያ ታናሽ ልጅ በእግዚአብሔር ቸርነት ዛሬ ደኅና ነው። መካሪው ግን ቀስ በቀስ ከኅብረቱ ቀረ። እኛ "ቀዝቅዟል" አልን፤ በጸሎት ርእሳችን ላይ ስሙን ጻፍንና አለፍን። ከስምንት ወር በኋላ ገበያ ውስጥ አገኘሁትና የት ጠፋህ ብዬ ጠየቅሁት። "ጋሼ፣ የትም አልጠፋሁም። ማንም አልጠየቀኝም እንጂ" አለኝ።

የእሳት አደጋ ሠራተኛ ግማሽ ደቂቃ ሲቆም ደወል ይጮሃል። የእኛ ልጅ ስምንት ወር ቆመ። ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ስሙን ግን በደጃፍ አልተቀበልኩም። እሳቱ ውስጥ መግባቱን እንጂ መውጣቱን አልቆጠርኩም።

ለዚህ ነው ልኩ የት ላይ ነው ለሚለው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ከሜትር ጋር የማይያያዘው። ወጣትን ወደ ከባድ ነገር ማስጠጋት ፍቅር የሚሆነው አራት ነገር ሲሟላ ይመስለኛል። የሚያስጠጋው ሰው ራሱ በዚያ ያለፈና አብሮ የሚድህ ሲሆን። ዛሬ የማይታለፍ ደጃፍ በግልጽ ሲኖር። የገባው ሰው ስሙ የሚያዝና የሚቆጠር ሲሆን። "ጠፋሁ" ብሎ የሚጮኸው የማያፍርበት ሲሆን። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ፣ የሰጠነው ነገር አገልግሎት ቢባልም፣ ኃላፊነት ቢባልም፣ ልጁን ለእሳት መስጠት ነው። እናትየው የፈራችው ይህን ከሆነ፣ ልክ ነበረች።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ጓደኛችሁ የመሞት አሳብ ቢነግራችሁ ብቻችሁን አትሸከሙት። አደራ ቢላችሁም እንኳ ለምታምኑት አዋቂ ንገሩ፤ በአሜሪካ ያላችሁ 988 መደወል ትችላላችሁ። ይህ አደራ መብላት አይደለም። ጭስ ውስጥ ብቻችሁን አትግቡ ማለት ነው።

የማን ልጅ ይምጣ?

ሁሉን ለእናትየው ነገርኳት፤ የራሴንም ጥፋት ጨምሬ። አንድ ነገር ግን ልነግራት ከብዶኝ ነበር። ሌሊት ቤታችን ቢቃጠል ስልክ እንደውላለን፤ አንድ ሰው ይመጣል። የሚመጣው የሌላ እናት ልጅ ነው። በአሜሪካ ካሉት አንድ ሚሊዮን ያህል የእሳት አደጋ ሠራተኞች መካከል ሁለት ሦስተኛው ገደማ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ይህ ልማድ ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1736 ፊላዴልፊያ ውስጥ ጎረቤቶቹን ካሰባሰበበት ዘመን ጀምሮ የቆየ ነው። በጀርመን ደግሞ በእሳት አደጋ ወጣት ማኅበራት ውስጥ ሩብ ሚሊዮን ያህል ልጆችና ወጣቶች አሉ፤ በብዙ ቦታ ከአሥር ዓመታቸው ጀምሮ ይገባሉ። የአገሩ ሰው አንድ ነገር ስለገባው ነው፤ ዛሬ አሥር ዓመት የሆነውን ልጅ ገመድ መቋጠር የሚያስተምር ከሌለ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ለመንደሩ የሚደርስለት አይኖርም።

ይህን ስነግራት ዝም ብላ ሰማች። "ታዲያ የእኔ ልጅ መሆን አለበት?" አለች።

አይ፣ የግድ አይደለም። ይህን እንደ ሸክም ልጭንባት አልፈለግሁም። የሌሎች ልጆች መሥዋዕትነት የእርሷን ልጅ ባለዕዳ አያደርገውም። ስጦታ ሆኖ የሚቀረው ባይሰጥም ኖሮ ማንም የማይፈርድበት ሲሆን ብቻ ነው። ነገር ግን ስንደውል የሌላ ሰው ልጅ እንዲመጣልን የምንፈልግ ሰዎች፣ የእኛው ልጅ "እኔ ልሂድ" ሲል ቢያንስ ቆመን ልንሰማው ይገባል።

"እኔው ራሴ ልየው" አለችኝ። በሚቀጥለው ረቡዕ ነጠላዋን በኮቷ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። ጥግ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ሰጧት። ልጇ ጭምብሉ ተሸፍኖ ሲድህ አየች። ካፒቴኑ ጎኑ ሲድህ አየች። ሲጨርሱ ወደ ካፒቴኑ ሄደችና በልጇ አስተርጓሚነት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ "ሲገቡ ስማቸውን የሚይዘው ማን ነው?" ካፒቴኑ ሰሌዳውን አሳያት። የልጇ ስም ገና አልነበረበትም። ባዶውን ቦታ በጣቷ ነካችውና ተመለሰች።

ፈረመች። ፍርሃቷ አልጠፋም፤ እንዲጠፋም አልጸለይኩም። ረቡዕ ረቡዕ ልጁ እስኪመለስ ሳትተኛ ትጠብቃለች፤ ሲገባ የበሩን ድምፅ ሰምታ መብራቷን ታጠፋለች። እርሷም ከደጃፉ ወዲህ ቆማ ትቆጥራለች ማለት ነው።

እኔ ደግሞ አንድ ደብተር ገዛሁ። በኅብረታችን የሚያገለግሉ ወጣቶች ስም ተጽፎበታል፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ከማን ጋር እንደሚያገለግል፣ መጨረሻ የተነጋገርነውም መቼ እንደሆነ ይሞላል። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ስም የዚያ በገበያ ያገኘሁት ወጣት ነው። ከጠየቅሁት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ቡና ጠጥተናል። ወደ መድረክ ተመለስ አላልኩትም። እንዴት ነህ እያልኩት ነው።